ግንድ ይዞ የሚወርድ ወንዝ፦ ስለ ፖካሆንታስ ካውንቲ

እንደምን ዋላችሁ፤ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ።

የሐምሌው ጉዟችን ወደ ፖካሆንታስ ካውንቲ፣ ማለትም ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ወዳለ አንድ አውራጃ መሆኑን ስነግራችሁ ብዙዎቻችሁ «ዌስት ቨርጂኒያ? እዚያ ደግሞ ምን አለ?» አላችሁኝ። አልፈርድባችሁም። እኔም መጀመሪያ የገባሁት አስቤበት ሳይሆን መንገድ ስቼ ነው። ከዋሽንግተን አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነድቼ አንድ ትልቅ ተራራ እንደተሻገርኩ ስልኬ ኔትወርክ አጣ። ካርታው ጠፋ። ሬዲዮው ሺሺሺ ብቻ ሆነ። መሸ። አንድ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ያገኘኋቸው ሽማግሌ በደረሰኝ ጀርባ ላይ መንገዱን በእስክሪብቶ ሣሉልኝ። ያ ወረቀት እስከ ዛሬ መኪናዬ ውስጥ አለ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እሄዳለሁ።

ዛሬ አገሩን ሳታዩት በፊት ታሪኩን ልነግራችሁ ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከልጅነታችን የምናውቀው አባባል አለ። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል።» ስለ ፖካሆንታስ ሳስብ ሁልጊዜ ይህ ነው ትዝ የሚለኝ። ከዚህ ካውንቲ ስምንት ወንዞች ይነሳሉ። ግሪንብራየር፣ ጎሊ፣ ኤልክ፣ ቼሪ፣ ክራንቤሪ፣ ዊሊያምስ፣ ታይጋርት ቫሊ እና ሻቨርስ ፎርክ። ወደ ካውንቲው የሚገባ ትልቅ ወንዝ ግን የለም። ሁሉም ወጪ ነው። ታይጋርትና ሻቨርስ ፎርክ ወደ ሰሜን፣ በፒትስበርግ በኩል ይዞራሉ። ሌሎቹ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ኦሃዮ ወንዝ ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ ሚሲሲፒ፣ ከዚያ ባሕር። አባባላችን ውስጥ ያለው ግንድም በእውነት ነበረ፤ እደርስበታለሁ። ከዚህ አገር የወጣው ግን ውኃና ግንድ ብቻ አይደለም። ሰውም ወጥቷል። በ1920 ወደ 15 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ነበረው። በ2020 ቆጠራ የተገኘው 7,869 ነው። ስፋቱ 2,440 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሦስት ሰው ማለት ነው።

እንግዲህ እኔ የምላችሁ ይህ ነው። ይህንን አገር ለመረዳት ምን እንደወጣበት ብቻ ሳይሆን ምን እንደቀረበት ጠይቁ። የምናያቸው ቦታዎች ሁሉ የቀሩ ነገሮች ናቸው።

ስሙ ራሱ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ፖካሆንታስ የፖውሃተን ሕዝብ ልጅ ነበረች። የኖረችው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በባሕሩ ዳርቻ በኩል ነው። እንግሊዛዊ አግብታ ወደ እንግሊዝ ተወሰደች፤ ወደ አገሯ ሳትመለስ በ1617 ገና በወጣትነቷ እዚያው ሞተች። እነዚህን ተራሮች አላየቻቸውም። የቨርጂኒያ ሕግ አውጪዎች በ1821 ካውንቲውን ሲመሠርቱ ስሟን ሰጡት። በዚያን ጊዜ ዌስት ቨርጂኒያ የሚባል ግዛት ገና አልነበረም። ስሟ ሲከበር በተራሮቹ ላይ ያድኑ የነበሩት ነባር ሕዝቦች ግን ወደ ምዕራብ ተገፍተው ነበር። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።

ከነጮቹ መጀመሪያ ገብተው የሰፈሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። ጄከብ ማርሊንና ስቲቨን ሱዌል። ዓመቱ 1749 ነው። ዛሬ የካውንቲው መቀመጫ የሆነችው ማርሊንተን ስሟን ያገኘችው ከማርሊን ነው። ሁለቱ አንድ ጎጆ ሠርተው አብረው ተቀመጡ። በዙሪያቸው ለብዙ ቀን መንገድ ጎረቤት የለም። በ1751 አንድሩ ሉዊስ የሚባል መሬት ቀያሽ ሲመጣ ግን ያገኛቸው ተለያይተው ነው። ማርሊን ጎጆው ውስጥ ነው። ሱዌል ደግሞ አጠገቡ ባለ ትልቅ ሲካሞር ግንድ ውስጥ ይኖራል። ሲካሞር ስላችሁ የኛ ሾላ አይደለም፤ ወንዝ ዳር የሚበቅል ግዙፍ ዛፍ ነው፤ ሲያረጅ ውስጡ ይቦረቦራል። ሱዌል እዚያ ባዶ ሆድ ውስጥ ገብቶ ቤቱ አድርጎታል።

ሉዊስ «ምን ሆናችሁ?» ብሎ ጠየቀ። በሐሳብ አልተስማማንም አሉት። ጸቡ በሃይማኖት ነበር ይባላል። ከተለያዩ ወዲህ ግን ሰላም ሆነዋል። ማርሊን ጠዋት ከጎጆው ሲወጣ፣ ሱዌል ከግንዱ ሲወጣ፣ እንደምን አደርክ ይባባላሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ወደ ሥራው ይሄዳል።

ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። ብዙ ሰው ሲነግረው እየሳቀ ነው። እኔ ግን የማየው ሌላ ነገር ነው። በዚያ ጫካ ውስጥ አንዱ ያለ ሌላው መኖር አይችልም። አብሮ ማደርም አልቻሉም። ስለዚህ ሰላምታ የሚደርስበት ያህል ተራራቁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለን ሰዎች በፖለቲካም በቤተ ክርስቲያንም ምን ያህል እንደተለያየን እናውቃለን። ሱዌል በኋላ ወደ ምዕራብ ሄደ፤ እዚያም ተገደለ። በስሙ የተጠራው የሱዌል ተራራ እስከ ዛሬ አለ፤ ከካውንቲው ውጪ ነው።

ሰሜኑና ደቡቡ የተዋጉበት የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲመጣ አገሩ መሐል ላይ ተገኘ። በ1861 ክረምት የደቡቡ ጄኔራል ሮበርት ሊ እዚህ ተራራ ላይ ሰፍሮ ነበር። ዝናቡ አላባራ አለ። ጭቃው ጋሪ ዋጠ። ወታደሮቹ በኩፍኝ ወደቁ። ያሰበው ጥቃት ከሸፈ። ኋላ በፎቶግራፍ የምናየውን ጺሙን ያሳደገው በዚያ ጊዜ ነው ይባላል። ሰኔ 20 ቀን 1863 ዌስት ቨርጂኒያ ከቨርጂኒያ ተለይታ ራሷን የቻለች ግዛት ሆነች። የፖካሆንታስ ሰው ግን ልቡ ለሁለት እንደተከፈለ ነበር።

ከዚያ አምስት ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 6 ቀን 1863፣ ድሩፕ ተራራ ላይ ትልቁ ውጊያ ሆነ። የደቡቡ አዛዥ ጆን ኤኮልስ ጫፉን ይዟል። ከታች ያለውን መንገድ ሁሉ ያያል። ወታደሩ ግን ወደ 1,700 ብቻ ነው። የሰሜኑ አዛዥ ዊልያም አቨሬል ከእጥፍ በላይ አለው። አቨሬል ፊት ለፊት ያለው ገደል ሰው እንደሚበላ አየ። ስለዚህ የተወሰነ ጦር ከፊት አስቀርቶ እግረኛውን በጫካው ውስጥ አዙሮ በኤኮልስ ግራ ጎን ላከ። ሰዓታት የፈጀ ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከጎን ሲደርሱ መስመሩ ተፈታ። በሁለቱም ወገን ተደምሮ 400 ገደማ ሰው ሞተ፣ ቆሰለ ወይም ተማረከ። በሁለቱም ጦር ውስጥ የዚያው አካባቢ ልጆች ነበሩ። ከዚያ ቀን በኋላ ደቡቦቹ በዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ትልቅ ጦር አላቆሙም።

ቦታው በ1928 የመንግሥት ፓርክ ሆነ፤ ከግዛቲቱ የመጀመሪያው ነው። ጫፉ ላይ በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ መንግሥት ሥራ ያስያዛቸው ወጣቶች የሠሩት የእንጨት ማማ አለ። እዚያ ላይ ወጥታችሁ የግሪንብራየርን ሸለቆ ተመልከቱ። ኤኮልስ ለምን እዚያ እንደቆመ ወዲያው ይገባችኋል።

አሁን ወደ ግንዱ ልምጣ።

ከጦርነቱ በኋላ በግሪንብራየር ዳር የነበረው ነጭ ፓይን መቆረጥ ጀመረ። ነጭ ፓይን ቀጥ ብሎ የሚያድግ፣ ቀላል፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ እንጨት ነው። በበረዶው ወራት ይቆረጣል። ግንዱ ወንዙ ዳር ይከመራል። በረዶው ቀልጦ ወንዙ ሲሞላ ወደ ውኃው ይገፋል። ሰዎች ረጅም ዘንግ ይዘው በጀልባና በእግር እየተከተሉ ግንዱ እንዳይጠላለፍ እያላቀቁ ይነዱታል። ታች ሮንስቨርት ከተማ ላይ ተይዞ ይሰነጠቃል። ውኃው ከበረዶ የቀለጠ ነው፤ እስከ ወገብ እየገቡ ነው የሚሠሩት። የመጨረሻው ጉዞ በ1908 ነበር።

ከላይ ተራራው ላይ ያለውን ጫካ ግን ወንዝ ሊያወጣው አልቻለም። እዚያ ያለው ቀይ ስፕሩስ ነው፤ የጥድ ዓይነት ዛፍ። ለወረቀት የሚሆን ረጅም ቃጫ አለው። በ1900 የባቡር ሐዲድ በሸለቆው ሽቅብ መጣ። በ1901 የዌስት ቨርጂኒያ ፐልፕ ኤንድ ፔፐር ኩባንያ የእንጨት መሰንጠቂያ ሠርቶ ካስ የሚባል ከተማ አቆመ። ቤቶቹ የኩባንያው ናቸው። ሱቁ የኩባንያው ነው። ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት፣ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ፊት ለፊቱ የእንጨት አጥር። መሰንጠቂያው በቀን ሁለት ፈረቃ፣ እያንዳንዱ 11 ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን ይሠራ ነበር። ሐዲዱን ተራራው ላይ የዘረጉት አብዛኞቹ ከጣሊያንና ከሌላ የአውሮፓ አገር የመጡ ስደተኞች ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ ባቡሩ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ልጆቹ የሚጠይቋችሁ ይህን ነው። ተራ ባቡር በ100 ሜትር ውስጥ ሁለት ሜትር ከፍ ካለ ዳገት ነው ይባላል። የካስ ሐዲድ በ100 ሜትር እስከ 11 ሜትር ይወጣል። ተራ ሎኮሞቲቭ እዚያ ላይ ጎማው ይሽከረከርና እዚያው ይቀራል። መፍትሔውን ያመጣው ኤፍሬም ሼይ የሚባል የሚሺገን እንጨት ቆራጭ ነው። በ1881 የፈጠራ ባለቤትነቱን አስመዘገበ። የሼይ ሎኮሞቲቭ ፒስተኖች እንደሌላው ጎን ለጎን ተኝተው አይሄዱም። ቀጥ ብለው በቀኝ በኩል ቆመዋል። ከሥራቸው ረጅም ዘንግ አለ፤ ዘንጉ በጥርስ ማርሽ ሁሉንም ጎማ ያዞራል። የእንፋሎት ጋኑ ደግሞ ሚዛን ለመጠበቅ ወደ ግራ ተገፍቷል። ከፊት ስታዩት የተጣመመ ይመስላል። ፍጥነት የለውም። ጉልበት ግን አለው። ዳገቱ በጣም ሲብስ ባቡሩ ወደፊት ይሄድና ይቆማል፤ ሐዲዱ ይቀየርለትና በጀርባው ይወጣል። እንደገና ወደፊት። እንዲህ እየተመላለሰ ዚግዛግ ይወጣል።

ጫካው አለቀ። ቃል ማሳመር አያስፈልግም፤ ተራራው ተላጨ። ቅርንጫፉና ቅጠሉ ደርቆ እሳት ያዘው፤ እሳቱ አፈሩን ጭምር በላ። የተራቆተው መሬት ዝናብ መያዝ አቃተው። በ1907 ታች ሞኖንጋሂላ ወንዝ ላይ ከባድ ጎርፍ መጣ። በ1911 መንግሥት የወንዝ መነሻ የሆነ መሬት እንዲገዛ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። በ1920 የሞኖንጋሂላ ብሔራዊ ደን ተመሠረተ። ዛሬ ከካውንቲው መሬት ከግማሽ በላይ የሕዝብ ነው። የምናየው አረንጓዴ ሁሉ ጥንታዊ ጫካ እንዳይመስላችሁ። አብዛኛው ከመቶ ዓመት ወዲህ እንደገና የበቀለ ነው።

መሰንጠቂያው በ1960 ተዘጋ። ሐዲዱ ተነቅሎ ሊሸጥ ነበር። ራስል ባም የሚባል ከፔንሲልቬኒያ የመጣ የባቡር ወዳጅ ሰዎችን አስተባብሮ ግዛቲቱ እንድትገዛው ወተወተ። ሰሙት። በ1963 እነዚያው ግንድ ጫኝ ባቡሮች ሰው መጫን ጀመሩ። ግንድ ይጫንባቸው የነበሩት ፉርጎዎች መቀመጫና ጣሪያ ተሠራላቸው። በሐምሌ የምንሳፈረው እነሱን ነው። ከሼይዎቹ አንዱ፣ ቁጥር 5 የሚባለው፣ በ1905 የተሠራ ነው። አስቡት፤ ዓድዋ ከተዋጋን ዘጠኝ ዓመት በኋላ ማለት ነው። የመጨረሻው ጣቢያ ባልድ ኖብ ይባላል፤ 1,476 ሜትር ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ዝቅ ይላል፤ ግን በቅዝቃዜ አይተናነስም።

ከካስ ወደ ደቡብ፣ ሂልስቦሮ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ ነጭ ቀለም የተቀባ ባለ በረንዳ የእንጨት ቤት አለ። ስታልቲንግ የሚባል ከሆላንድ የመጣ ቤተሰብ የሠራው ነው። ሰኔ 26 ቀን 1892 ፐርል ባክ በዚህ ቤት ተወለደች። ወላጆቿ ቻይና ውስጥ ሚስዮናውያን ነበሩ። እዚያ ሦስት ልጆች ሞተውባቸዋል። እናትየው ለዕረፍት ወደ ወላጆቿ ቤት መጥታ ሳለ ፐርል ተወለደች። ሕፃኗ በወራት ዕድሜዋ ወደ ቻይና ተወሰደች። ቻይንኛን እየተናገረች አደገች። ስለ ቻይና ገበሬዎች በጻፈችው ልብ ወለድ ታወቀች። በ1938 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አገኘች፤ ከአሜሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ ናት። በኋላም ዘራቸው የተቀላቀለ በመሆኑ የሚያሳድጋቸው የጠፋ ልጆች ቤተሰብ እንዲያገኙ ድርጅት አቆመች።

አያቱ ቤት ተወልዶ ሌላ አገር ያደገ ልጅ። የአፍ መፍቻው ሁለት የሆነ። ስንቶቻችን ቤት እንዲህ ያለ ልጅ አለ? ባለፈው ጊዜ ልጄን ይዤ ሄጄ ነበር። አስጎብኚዋ ፐርል የተወለደችበትን ክፍል አሳየችን። ልጄ «ታዲያ የየት አገር ሰው ናት?» ብላ ጠየቀቻት። ሴትየዋ ትንሽ አሰበችና «ሁለቱም ጋ ትናፍቅ ነበር» አለቻት። ልጄ መኪና ውስጥ ሆና ያንን ደግማ ደግማ ስታወራ ነበር።

እዚያው አካባቢ ፕሌዛንት ግሪን የምትባል የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን አለች። ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎችና ልጆቻቸው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያመለኩባት ናት። ትንሽ ነች፤ ከመንገዱ ብዙም አትታይም። የአፓላቺያ፣ የዚህ ተራራማ አገር፣ ታሪክ ሲነገር ጥቁሮች የሌሉበት ይመስል ብዙ ጊዜ ይዘለላሉ። እኛ አንዘላቸውም። አውቶቡሱን እዚያ ለአሥር ደቂቃ እናቆማለን።

አሁን ስልኬ ለምን ኔትወርክ እንዳጣ ልንገራችሁ።

በ1950ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት ከሰማይ የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ የሚሰማበት ቦታ ፈለገ። ኮከቦች ብርሃን ብቻ አይሰጡም፤ የሬዲዮ ሞገድም ይለቃሉ። እኛ ጋ ሲደርስ ግን እጅግ ደካማ ነው። አንድ ሞባይል ስልክ ጨረቃ ላይ ብትቀመጥ ከመላው ሰማይ ጎልተው ከሚሰሙት የሬዲዮ ምንጮች አንዷ ትሆን ነበር። ይህን ያህል ደካማ ድምፅ ለመስማት ጸጥ ያለ ቦታ ያስፈልጋል። ተራራ የከበበው፣ ሰው የማይበዛበት፣ ከትልቅ ከተማ የራቀ። ግሪን ባንክ የምትባለው መንደር ይህን ሁሉ ታሟላ ነበር። 2,700 ኤከር ገደማ መሬት ተወሰደ። የተወሰደው ባዶ መሬት አይደለም፤ እርሻ ነበር። ለትውልድ የያዙትን መሬት ሳይወዱ የሸጡ ቤተሰቦች ነበሩ። ግዛቲቱ በ1956 የሬዲዮ ጸጥታን የሚጠብቅ ሕግ አወጣች። በ1958 ፌደራል መንግሥቱ ብሔራዊ የሬዲዮ ጸጥታ ቀጠና አወጀ። 13 ሺህ ስኩዌር ማይል ነው፤ ወደ ቨርጂኒያም ይሻገራል። በዚያ ውስጥ አንቴና የሚተክል ሁሉ መጀመሪያ ከቴሌስኮፑ ጣቢያ ጋር መስማማት አለበት። ሞገዱን የሚሰሙት ትልልቅ ሳህኖች፣ ማለትም ቴሌስኮፖቹ፣ ባሉበት አጠገብ ደግሞ ሕጉ ይበልጥ ይጠብቃል። ዋይፋይና ማይክሮዌቭ እንኳ ችግር ናቸው። ወደ ቴሌስኮፑ የሚቀርቡት መኪኖች የናፍጣ ብቻ ናቸው። ለምን? የቤንዚን ሞተር ካንዴላ አለው፤ ካንዴላ ሲተኩስ የሬዲዮ ሞገድ ይለቃል። ይህን የነገሩኝ ቀን መካኒክ ለሆነው ወንድሜ ወዲያው ልደውልለት ፈለግሁ። መደወያ ግን የለም።

በ1960 ፍራንክ ድሬክ የሚባል ወጣት ሳይንቲስት አንዱን ቴሌስኮፕ ወደ ሁለት ኮከቦች አዞረ። ታው ሴቲና ኤፕሲሎን ኤሪዳኒ። ከሌላ ዓለም የሚናገር ፍጡር ካለ ለመስማት። እንዲህ ያለ ፍለጋ በዘመናዊ መሣሪያ ሲደረግ የመጀመሪያው ነበር። ምንም አልሰማም። በዓመቱ ጥቂት ሳይንቲስቶች እዚያው ግሪን ባንክ ተሰብስበው ሲወያዩ እንዲህ ያሉ ተናጋሪ ዓለማት ስንት ሊሆኑ እንደሚችሉ የሚገመትበትን፣ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ቀመር አቀረበ።

በ1962 ስፋቱ 300 ጫማ የሆነ ትልቅ ቴሌስኮፕ ተተከለ። ለጥቂት ዓመት ተብሎ በርካሽ የተሠራ ነበር፤ 26 ዓመት አገለገለ። ኅዳር 15 ቀን 1988 ማታ በድንገት ፈረሰ። አንድ የማያያዣ ብረት ነው የተሰነጠቀው። ማንም አልተጎዳም። ጠዋት የተገኘው የብረት ክምር ብቻ ነበር። በምትኩ የቆመው በ2000 ተመረቀ፤ በሴናተር ሮበርት በርድ ስም ተሰየመ። ሳህኑ 100 በ110 ሜትር ነው። በ2,004 ሰሌዳዎች ተሸፍኗል። ቁመቱ 148 ሜትር ነው፤ ከነፃነት ሐውልት ይበልጣል። ይህ ሁሉ ብረት በክብ ሐዲድ ላይ በ16 ጎማ ይዞራል። ከሩቅ ስታዩት ላሞች ከሚግጡበት ሜዳ ላይ ነጭ ተራራ የበቀለ ይመስላል። በዚህ ቴሌስኮፕ ነው በሰከንድ 716 ጊዜ የሚሽከረከር ኮከብ የተገኘው።

የአካባቢው ሰው ግን ለዚህ ጸጥታ ዋጋ ይከፍላል። አምቡላንስና እሳት አደጋ በሬዲዮ መገናኘት ይቸገራሉ። ልጆች ለትምህርት ኢንተርኔት ሲያስፈልጋቸው እንደ ከተማ ልጅ አይቀልላቸውም። አንዳንዱ ይኮራበታል፣ አንዳንዱ ይማረርበታል፤ ሁለቱንም ሰምቻለሁ፤ ሁለቱም እውነት ይመስለኛል። እኛ ለአንድ ቀን ሄደን «ምንኛ ደስ ይላል» ማለታችን ቀላል ነው።

ጸጥታው ደግሞ አሮጌ ነገሮችን አቆይቷል። ፍሮስት በምትባል መንደር ከ1981 ጀምሮ አንድ ትንሽ የኤኤም ሬዲዮ ጣቢያ አለ፤ የሚያሰራጨው ቀን ቀን ነው። የትምህርት ቤት ምሳ፣ የጠፋ ውሻ፣ ያረፈ ሰው፣ ሁሉንም ያወራል። ማርሊንተን ውስጥ ከ1880ዎቹ ጀምሮ በየሳምንቱ የሚወጣ ጋዜጣ አለ። ካልቪን ፕራይስ የሚባል ሰው ለግማሽ ምዕተ ዓመት አዘጋጅቶታል፤ በስሙ የተጠራ ደን አለ። ሃመንስ የሚባል ቤተሰብ ደግሞ የቫዮሊንና የባንጆ ጥንታዊ ዜማዎችን ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፍ ኖሮ በ1970ዎቹ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሰዎች መጥተው ቀዱት። ባንጆ ከአፍሪካ የመጣ መሣሪያ መሆኑን አትርሱ።

ጊዜ ከተረፈን ክራንቤሪ ግሌድስ እናልፋለን። 1,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ረግረግ ነው። በረዶ ዘመን ሲያበቃ ሌላው ቦታ ሲሞቅ እዚህ የቀሩ፣ የካናዳ የሆኑ ዕፅዋት ይበቅላሉ። ነፍሳት የሚበሉም አሉ። በጣውላ መተላለፊያ ላይ ነው የሚኬደው፤ መውረድ ክልክል ነው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ከ1938 እስከ 1950 አጥር የሌለው እስር ቤት ነበር። ወሰኑ ነጭ የተቀባ እንጨት ብቻ ነው። በሃይማኖታቸው ምክንያት ጦርነት አንሄድም ያሉ ሰዎችና አረቄ በስውር ያወጡ ገበሬዎች አብረው ታስረውበታል።

ማርሊንተን ስንደርስ የወንዙን ዳር አይታችሁ አትታለሉ፤ ያምራል፣ ግን በ1985ና በ1996 ከተማዋን በጎርፍ አጥለቅልቋል። ሰዎቹ ጭቃውን ጠርገው ተመለሱ። ድሮ ባቡር ይሄድበት የነበረው የወንዝ ዳር ሐዲድ ተነስቶ የብስክሌትና የእግር መንገድ ሆኗል፤ 78 ማይል ነው። ጉልበት ያላችሁ ትንሽ ትሄዱበታላችሁ፤ ሌሎቻችን ወንበር ላይ እንቀመጣለን።

ጥቂት ማሳሰቢያ። አውቶቡሱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይነሳል፤ በሐበሻ አቆጣጠር እያልኩ ነው። ምሳ ቋጥራችሁ ኑ፤ ምግብ ቤት እንደዚህ አይበዛም። ለቤተሰብ መደወል የሚፈልግ ተራራውን ከመሻገራችን በፊት ይደውል። ግሪን ባንክ ስንደርስ ስልክ ይጠፋል። ቴሌስኮፑ ሥር ዲጂታል ካሜራም አይፈቀድም፤ ባለ ፊልሟ የድሮ ካሜራ ግን ትፈቀዳለች፤ ቁምሳጥን ውስጥ ያስቀመጣችሁ ካላችሁ አውጧት። እናቶች ጋቢ ያዙ፤ ባልድ ኖብ ላይ በሐምሌም ይበርዳል። ሕፃናት ያላችሁ ደግሞ ባቡሩ ሊነሳ ሲል ጆሯቸውን ያዙላቸው፤ ፊሽካው ሸለቆውን ሁሉ ይሞላዋል።